ሐዋሳ ላይ የሊኑክስ ማኅበር መጀመር፦ ከመጀመሪያው ፍላሽ እስከ ሁለተኛው ቅዳሜ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። በኢንቴል በኩል ፕሮሰሰሩ 8ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆንም ይፈልጋል። ሐዋሳ ውስጥ በተማሪ ቦርሳ፣ በጽሕፈት ቤት፣ በፎቶ ኮፒ ቤት ያሉትን ላፕቶፖች ተመልከቱ። 4ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛ ጀነሬሽን የሆነ ማሽን ማግኘት አይቸግርም።

እነዚህ ማሽኖች አልሞቱም። 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራው ነፃ ሲስተም ሊኑክስ፣ ለምሳሌ ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ዓይነት፣ ሲጫንበት ጽሑፍ ይጽፋል፣ ቴሌግራም ይከፍታል፣ ፊልም ያጫውታል። መጫኑም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ፕሪንተሩ እምቢ ሲለው ማንን ይጠይቃል? የሚጠይቀው ካጣ በሳምንቱ ሄዶ ክራክ ዊንዶውስ ያስጭናል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ ይህን መመሪያ ስጽፍ ከሁሉ በላይ ያሰብኩት ሁለተኛውን ቅዳሜ ነው። ሰዎች ጥያቄያቸውን ይዘው የሚመለሱበትን ቀን ማለቴ ነው።

ደረጃ 1፦ ሦስት ሰው ይበቃል

ማኅበር ሲባል ማኅተምና ሊቀመንበር አይታያችሁ። ለመጀመር ሦስት ሰው በቂ ነው። አንዱ ሊኑክስን በየቀኑ የሚጠቀም ይሁን፤ ተርሚናል፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት፣ ሲከፈት የማይደነግጥ። ሁለተኛው ሰው ተቀባይ ነው። ስም ይመዘግባል፣ የመጣውን እንግዳ ያናግራል፣ ተራ ያስጠብቃል። ሦስተኛው ቦታና መብራት ያመቻቻል። ሦስቱም የኮምፒውተር ሊቅ ከሆኑ እንግዳ የሚያናግር ይጠፋል። ማንም ያላናገረው እንግዳ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

ሰው የት ይገኛል? ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ያሉ የኮምፒውተር ሳይንስና የአይቲ ተማሪዎች ሊኑክስን በክፍል ውስጥ ያዩታል። ብዙዎቹ ግን የራሳቸው ላፕቶፕ ላይ አልጫኑትም፤ እነሱን ጋብዙ። ከተማ ውስጥ ያሉ ላፕቶፕ ጠጋኞችንም አትርሱ። እነዚህን ሰዎች እንደ ተፎካካሪ የሚያዩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የትኛው ዲስክ ሊሞት እንደደረሰ፣ የየትኛው ላፕቶፕ ራም እንደሚጨመር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሊኑክስ የሚጫንበትን ፍላሽ ስጧቸው። ለደንበኛቸው ሊኑክስ ጭነው የድካማቸውን ቢያስከፍሉ የሊኑክስ የአጠቃቀም ፈቃድ አይከለክልም። ኑሯቸውን የሚነካ ነገር ይዛችሁ እንዳልመጣችሁ ሲያውቁ ራሳቸው ሰው ይልኩላችኋል።

ደረጃ 2፦ ቦታ፣ መብራት፣ ሰዓት

ሐይቁ ዳር መሰብሰብ ያምራል። ለመጫኛ ቀን ግን አይሆንም። በፀሐይ ስክሪን አይታይም፣ ሶኬትም የለም። አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ መብላቱን ለሌላ ቀን አቆዩት። የትምህርት ቤት ላብ፣ የማሠልጠኛ ክፍል፣ ሰፋ ያለ ቢሮ ፈልጉ። ጠረጴዛና ሶኬት ካለው ግድግዳው ባያምርም ይሆናል።

የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ 65 ዋት ገደማ ነው። አሥር ላፕቶፕ ቢሰካ 650 ዋት ቢሆን ነው፤ ደህና ዲቫይደር ይችለዋል። የቡናውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ከላፕቶፖቹ ጋር አትሰኩ። ምድጃው ብቻውን ከ1,000 ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል። ቡናውን በከሰል አፍሉ።

መብራት ሲጠፋስ? ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ዲስኩ እየተጻፈ ሳለ ቢጠፋ መጫኑ ከመሃል ይቋረጣል። እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ዊንዶውስን ሳያጠፉ ጎን ለጎን በሚጫንበት ጊዜ ከሆነ ደግሞ የሰው ፋይል አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የባትሪውን ሁኔታ ለማወቅ የምትጠይቁት "ቻርጀሩ ሲነቀል ይቆያል?" ብላችሁ ነው። የማይቆየውን በዩፒኤስ ላይ አድርጉ። ዩፒኤስ ከሌለ እሱን ማሽን ሌላ ቀን ቅጠሩት።

ሰዓቱ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። እሑድ ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሥራ የሚገባ አለ። ቅዳሜን የሚያከብሩ አድቬንቲስቶች ካሉ በሳምንቱ ቀን ከሥራ መልስ ሌላ ሰዓት ያዙላቸው። ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ አታምሹ። ከመሸ በኋላ ላፕቶፕ ይዞ ባጃጅ መጠበቅ ለማንም አይመችም። ሴቶች እንዲመጡ ከፈለጋችሁ ደግሞ ይህ ጉዳይ ዋናው ነው። "ለምን ሴት አይመጣም?" ከማለታችሁ በፊት ሰዓቱን ተመልከቱ። ከተቀባዮቹ መካከልም ሴት እንድትኖር አድርጉ።

ደረጃ 3፦ ፍላሹን ማዘጋጀት

መጀመሪያ አንድ ዓይነት ሊኑክስ ምረጡ። አንዱ ኡቡንቱ፣ ሌላው ፌዶራ፣ ሦስተኛው ዴቢያን እያለ ሲከራከር ያየ እንግዳ ግራ ይጋባል። ለጀማሪ የእኔ ምርጫ ሊኑክስ ሚንት ነው። የ22 ተከታታይ እትሞቹ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛሉ። 4 ጊጋ ራምና ከዚያ በላይ ላለው ማሽን ሲናሞን የሚባለውን ዴስክቶፕ፣ ከዚያ በታች ላለው ኤክስኤፍሲኢን ተጠቀሙ። ሲናሞን ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው አያስቸግርም። ሜኑው ከታች በግራ ነው፣ ሰዓቱ በቀኝ ነው። ሌላውን ምርጫ እሱ ራሱ ከለመደ በኋላ ያግኘው።

የመጫኛው ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። አንድ ሰው አንዴ ያውርደው፤ ሌላው ይቅዳ። እዚህ ላይ ለእንግዶች ግልጽ አድርጋችሁ መናገር ያለባችሁ ነገር አለ። ይህን ፋይል መቅዳትና መስጠት ሕጋዊ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ነፃ ሶፍትዌር የሚሠራውን የግኑ ፕሮጀክት ይፋ ያደረገው ተጠቃሚው አራት መብቶች እንዲኖሩት ብሎ ነው። ፕሮግራሙን ለፈለገው ዓላማ መጠቀም፣ ውስጡን ማየትና መለወጥ፣ ለጎረቤት መቅዳት፣ ያሻሻለውንም ማካፈል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረውን ሊኑክስ በ1992 በግኑ ፈቃድ ሥር አደረገው። ከክራክ ጋር ለኖርን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማንም ሳይሸማቀቅ ለመምህሩም፣ ለመሥሪያ ቤቱም፣ ለእህቱም መስጠት ይችላል።

ፋይሉ ከወረደ በኋላ ትክክለኛነቱን አረጋግጡ። ሚንት ለእያንዳንዱ ፋይል ኤስኤችኤ 256 የሚባል ረጅም የማረጋገጫ ቁጥር ያወጣል። እናንተ ያወረዳችሁት ፋይል ላይ ያው ቁጥር መውጣት አለበት። በአንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው። ኔትወርክ እየተቆራረጠ በወረደ ፋይል ላይ ይህ ያጋጥማል። ሳያረጋግጡ ለአሥር ሰው ማከፋፈል አሥር ሰው ማንከራተት ነው።

ፍላሾቹንም ፈትሹ። ገበያ ላይ "64 ጊጋ" ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 ጊጋ የሆነ ፍላሽ አለ። ኤፍ 3 የሚባል ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን እስከ መጨረሻው ሞልቶ መልሶ በማንበብ ሐሰተኛውን ያጋልጣል። አዲስ ፍላሽ ስትገዙ በዚህ ሳታሳልፉ አትጠቀሙበት።

ሲናሞንንም ኤክስኤፍሲኢንም አንድ ፍላሽ ላይ ለመያዝ ቬንቶይ ይጠቅማል። አንዴ ፍላሹ ላይ ትጭኑታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ የመጫኛ ፋይሎቹን እንደ ማንኛውም ፋይል ኮፒ ማድረግ ነው። ማሽኑ ሲነሳ የትኛውን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። ቬንቶይን እምቢ የሚሉ ማሽኖች አሉ። ለእነሱ ባሌና ኤቸር በሚባል ፕሮግራም የተጻፈ አንድ ተጨማሪ ፍላሽ ያዙ።

አሁን ወደ ኢንተርኔት ወጪ። አዲስ የተጫነ ሚንት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ማሻሻያ ይጠይቃል። አሥር ማሽን በሞባይል ዳታ ይህን ቢያወርድ የአንድ ቅዳሜ ወጪ ብቻ ማኅበሩን ያፈርሰዋል። መፍትሔው አፕት ካሸር ኤንጂ ነው። ከእናንተ በአንዱ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፤ በፖርት 3142 ይሠራል። የመጀመሪያው ማሽን ያወረደውን ያስቀምጥና ለቀሪዎቹ በክፍሉ ዋይፋይ ያድላል። ሌሎቹ ላፕቶፖች ማሻሻያቸውን ከእሱ እንዲወስዱ አንድ መስመር ሴቲንግ ይጻፍባቸዋል። ሰውየው ከመሄዱ በፊት ያንን መስመር ማጥፋት ግዴታ ነው። ካልጠፋ ቤቱ ሄዶ ማሻሻያ ሲፈልግ የእናንተን ላፕቶፕ ይጠራል፤ አያገኘውም። ተቀባዩ በመዝገቡ ላይ "ጠፍቷል" የሚል ምልክት ያድርግ።

ፕሮግራም ስትጭኑም ፍላትፓክ ከሚባለው የፕሮግራም ማቅረቢያ ይልቅ ሲስተሙ ራሱ የሚያቀርበውን ምረጡ። ፍላትፓክ ጥሩ ነገር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫን ግን አብሮት ብዙ ሜጋባይት ይጎትታል። ከቴሌግራም ድረ ገጽ የሚገኘውን የሊኑክስ ቅጂ ቀድማችሁ በፍላሽ ያዙ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ደረጃ 4፦ ላፕቶፑን ከመንካት በፊት ሰውየውን ጠይቁ

"ምን ትሠራበታለህ? ምን ትሠሪበታለሽ?" ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። ፒችትሪ የሚጠቀም የሒሳብ ሠራተኛ ከመጣ ሊኑክስ አትጫኑለት። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ እንጀራው ደግሞ በእሱ ላይ ነው። አውቶካድ የሚሠራ መሐንዲስም እንዲሁ። ለእነዚህ ሰዎች "ዊንዶውስህን አትንካ" ብሎ መመለስ ማኅበሩን ያስከብረዋል። እውነቱን እንደተናገራችሁ ያውቃሉ፤ ልጃቸውን ይልኩላችኋል።

ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ለሚጠቀም ተመራቂ ፒኤስፒፒን አሳዩት። መልኩም አሠራሩም ይቀራረባል፤ ለመደበኛ ትንተና ይበቃዋል። የካርታ ሥራ ለሚሠራ ኩጂስ አለ። ወርድና ኤክሴል ብቻ ከሆነ ሊብሬኦፊስ ከሚንት ጋር ተጭኖ ይመጣል። ጥናቱን ሊያስረክብ ሁለት ሳምንት የቀረው ተማሪ ከመጣ ግን እስኪያስረክብ ጠብቁት። በዚያ ወቅት ሲስተም መቀየር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ባክአፕ ነው። ባለቤቱ ፋይሉን በሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ አስቀምጦ ከፍቶ እስኪያሳያችሁ ድረስ አትጀምሩ። "ምንም የለበትም" የሚል ሰው ላፕቶፕ ላይ የልጆቹ ፎቶ ይኖራል። ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉ መኖሩን አረጋግጡ። ባዮስን፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን የማሽኑን ሴቲንግ፣ ስትቀይሩ ዊንዶውስ ያንን ረጅም ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል።

ከዚያ ፍላሹን ሰክታችሁ ሳትጭኑ ሞክሩት። ሚንት ከፍላሹ ላይ ብቻ ይነሳል፤ ዲስኩን አይነካም። ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ የስክሪን ብርሃን፣ እያንዳንዱን የኪቦርድ ቁልፍ ፈትሹ። ዲስክስ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ የዲስኩን ጤና የሚያሳይ ስማርት የሚባል ክፍል አለ። "ሊበላሽ ነው" ካለ ማንኛውንም ሥራ አቁሙና ፋይል ማውጣት ብቻ ሥሩ። የድሮ የሚሽከረከር ዲስክ ላለው ሰው እውነቱን ንገሩት። ኤስኤስዲ የሚባለውን የማይሽከረከር ዲስክ ቢገዛ ከማንኛውም ለውጥ በላይ ማሽኑን ያፈጥነዋል። በአንዴ ገንዘብ የማይገኝ ከሆነ አባላት ለኤስኤስዲ ዕቁብ መጣል ይችላሉ። ዕጣ የወጣለት ዲስኩን ይገዛል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አብራችሁ ትቀይሩለታላችሁ።

ደረጃ 5፦ መጫን

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ሥራውም አጭር ነው።

ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ 12ን ደጋግሞ መምታት ነው። ኤችፒ ላይ ኢስኬፕን መታችሁ ኤፍ 9ን ትመርጣላችሁ። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ምረጡ። ዴስክቶፑ ሲከፈት የመጫኛውን ምልክት ሁለቴ ክሊክ ማድረግ ነው። ቋንቋ፣ ኪቦርድ፣ ከዚያ ዲስክ ይጠይቃል።

ዲስኩ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ሁሉንም አጥፍቶ ሊኑክስ ብቻ መጫን፣ ሁለተኛው ከዊንዶውስ ጎን መጫን። ለጀማሪ ሁለተኛው ይመከራል ይባላል፤ ቢያንስ 100 ጊጋ ባዶ ቦታ ካለ እኔም እስማማለሁ። 128 ጊጋ ዲስክ ላይ ግን ሁለቱን ማጨናነቅ ሁለቱንም ማሰቃየት ነው። ጎን ለጎን ከሆነ መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን አጥፉ። እሱ ካልጠፋ ዊንዶውስ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ሊኑክስም ፋይሎቹን ማንበብ እንጂ መጻፍ ያቅተዋል። ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ ባዮስ ውስጥ የዲስኩ ሁኔታ ኢንቴል አርኤስቲ ላይ ሊሆን ይችላል። ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር ያስፈልጋል። ጎን ለጎን ለሚጭን ሰው ግን በችኮላ አትቀይሩት፤ ዊንዶውሱ መነሳት ሊያቅተው ይችላል።

ሰዓት ሲጠይቅ ካርታው ላይ አዲስ አበባን ምረጡ። ጎን ለጎን የጫኑ ሰዎች በማግሥቱ "ሰዓቴ በሦስት ሰዓት ተዛባ" ብለው ይደውላሉ። ምንም አልተበላሸም። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት ይይዛል፣ ዊንዶውስ በአካባቢ ሰዓት ያነበዋል፤ የእኛ ልዩነት ደግሞ ሦስት ሰዓት ነው። ታይምዴትሲቲኤል በሚባለው ትዕዛዝ ሊኑክስም በአካባቢ ሰዓት እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል።

ዋይፋዩ እምቢ ካለ ቺፑ ብሮድኮም ሊሆን ይችላል። ስልክ በዩኤስቢ ሰክታችሁ ኢንተርኔት አጋሩት፤ ከዚያ ድራይቨር ማናጀርን ክፈቱና የሚጠቁመውን ጫኑ።

ደረጃ 6፦ አማርኛው

ብዙ የሊኑክስ መመሪያ ከዚህ በፊት ያበቃል። ለእኛ ግን አማርኛ የማይጻፍበት ኮምፒውተር ግማሽ ኮምፒውተር ነው። ሰው ሳይጽፍበት አታሰናብቱት።

ማንበቡ ቀላል ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ፎንት ካለ ሁሉም ነገር ይነበባል። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ በፍላሽ ያዟቸው።

ለመጻፍ አይባስ ኤም 17 ኤን የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። ከሜኑው ኢንፑት ሜተድ የሚለውን ክፈቱና አይባስን ምረጡ። ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። ከዚያ በአይባስ ሴቲንግ ውስጥ አማርኛን፣ ከሥሩም ሴራ የሚለውን ጨምሩ። ሴራ የግዕዝን ፊደል በእንግሊዝኛ ቁልፎች ለመጻፍ የተዘጋጀ ሥርዓት ነው። ስልክ ላይ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ እየጻፈ የለመደ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ግን ይለያያል፦ ቲን ብቻ ስትመቱ ት፣ ከሺፍት ጋር ስትመቱ ጥ ይሆናል። ኤክስ ሽ ነው። ኮለን ሁለት ጊዜ ሲመታ አራት ነጥብ ይወጣል። ይህን በአንድ ወረቀት ላይ አትማችሁ ለእያንዳንዱ እንግዳ ስጡ። በሲዳምኛ የሚጽፍ ሰው በላቲን ፊደል ስለሆነ ተራው ኪቦርድ ይበቃዋል።

ትልቁ ራስ ምታት የድሮ ፋይሎች ናቸው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የተቀመጠው በዩኒኮድ ስላልሆነ ነው። የቀበሌ፣ የትምህርት ቤት፣ የማኅበራት ጸሐፊዎች እንዲህ ያለ ፋይል በብዛት አላቸው። ዊንዶውሱ ከመጥፋቱ በፊት እዚያው እያለ ለማንበብ ብቻ የሚፈለጉትን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሯቸው። የሚታረሙትን ወደ ዩኒኮድ ቀይሯቸው። ይህ ሥራ ሰዓታት ይፈጃል፤ ቢሆንም ዝለሉት ማለት አልችልም።

በኒያላ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ደግሞ ይነበባል፣ ገጹ ግን ይንሸራተታል። ኒያላ የዊንዶውስ ፎንት ስለሆነ ሊኑክስ በሌላ ይተካዋል፤ የፊደሉ ስፋት ይለያያል። 60 ገጽ የነበረ ጥናት 63 ሊሆን ይችላል። ለአማካሪ ወይም ለመሥሪያ ቤት የሚላክ ነገር በፒዲኤፍ ይላክ። የሊብሬኦፊስን ሜኑ ራሱ በአማርኛ ማድረግም ይቻላል፤ የአማርኛ የቋንቋ ፓኬጅ አለው። እንግሊዝኛ የማይቀላቸው እናቶችና አባቶች ሲመጡ ይህን አሳዩአቸው።

ደረጃ 7፦ ኪቦርዱ ላይ የማን እጅ ይሁን?

የባለቤቱ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

ከባድ ነው፤ እጅ ይበላል። እናንተ በሁለት ሰከንድ የምታደርጉትን ሰውየው ሲፈልግ ደቂቃ ይወስድበታል። ዝም ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። "ጋሼ፣ እርስዎ ይጫኑት፤ እኔ አጠገብዎ ነኝ" በሉ። ራሱ የጫነውን ሰው ቤቱ ሲገባ አይፈራውም። ሌላ ሰው የጫነለት ግን የሰው ዕቃ እንደያዘ ይሆናል።

ከመሄዱ በፊት ሦስት ነገር ብቻ በራሱ እጅ ያድርግ። አንድ ፕሮግራም ከሶፍትዌር ማናጀር ይጫን። ማሻሻያ ያድርግ። ታይምሺፍት ላይ የሲስተሙን ቅጂ ያስቀምጥ። ታይምሺፍት የሆነ ነገር ሲበላሽ ሲስተሙን ወደ ትናንቱ ይመልሰዋል፤ የግል ፋይልን ግን በተለመደው አቀማመጡ አይጠብቅም፣ ይህንን በደንብ አስረዱ። አራተኛ ነገር አትጨምሩ። ጭንቅላት በአንድ ከሰዓት የሚችለው ይህን ያህል ነው።

አንድ ማሳያ ግን ሁሉም ይወደዋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ፋይሎቹ ወደ ሾርትከት የተቀየሩበት ፍላሽ ካለ ሚንት ላይ ይሰካ። አብዛኛውን ጊዜ የተደበቁት እውነተኛ ፋይሎች ይታያሉ፤ ቫይረሱም ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ እዚህ አይነሳም። ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው ዊንዶውስ እንዳያሻግሩት ግን አስጠንቅቁ። ፋይሉን አውጥቶ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ሁለተኛው ቅዳሜ

ከመጀመሪያው ቀን ሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ተገኙ። በዚህ ቀን አዲስ ማሽን አትጫኑ። የተጫነላቸው ሰዎች ብቻ ይምጡ። ፕሪንተር፣ ብሉቱዝ፣ የጠፋ ፓስዎርድ፣ "ስታክ አደረገ" የሚል ቅሬታ፤ ሁሉም ይወጣል። አንድ ሰው ብቻ ቢመጣም ክፍሉ ክፍት ይሁን። መጥቶ በር ተዘግቶ ያገኘ ሰው ሦስተኛ ዕድል አይሰጣችሁም።

ያልመጡትን ተቀባዩ ይደውልላቸው። "እንዴት ነው ላፕቶፑ?" ማለት ይበቃል። ወደ ዊንዶውስ የተመለሰ ሰው ካለ አትውቀሱት። ምን እንዳስቸገረው ጠይቃችሁ መዝግቡ።

መዝገቡ የማኅበሩ ትልቁ ሀብት ነው። ተራ ደብተር ይሁን። የላፕቶፑ ሞዴል፣ ምን ችግር ነበረበት፣ በምን ተፈታ። ያው ሞዴል በዓመቱ በሌላ ሰው እጅ ይመጣል። በአማርኛ ጻፉት፣ ትዕዛዞቹን ደግሞ እንዳሉ ገልብጡ።

በመካከሉ ያሉት ቀናት በቴሌግራም ግሩፕ ይሸፈናሉ። ጥቂት ሥርዓት አብጁ። የሚጠይቅ ሰው የላፕቶፑን ሞዴልና የስክሪኑን ፎቶ ይላክ። መልስ በግሩፑ ውስጥ ይሰጥ፤ ኢንቦክስ አይሁን። በኢንቦክስ የተፈታ ችግር ለአንድ ሰው ብቻ ተፈትቷል፤ መላሹም ብቻውን ይደክማል። "ጎግል አድርግ" የሚል መልስ ይከልከል። ጎግል ማድረግ ቢያውቅ ኖሮ አይጠይቅም ነበር። ተርሚናል ላይ የሚገለበጥ ትዕዛዝ የሚልክ ሰው ትዕዛዙ ምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳ። የማይገባቸውን ትዕዛዝ መገልበጥ የለመዱ ሰዎች አንድ ቀን ፋይላቸውን የሚያጠፋውን ይገለብጣሉ።

ስለ ገንዘብ፦ መጀመሪያ ላይ መዋጮ አትጀምሩ። ለፍላሽና ለቡና የወጣው በግሩፑ ላይ ይጻፍ፣ የቻለ ይሸፍን። ገንዘብ የሚያዝበት ቀን ከመጣ ሁለት ሰው ይያዘው።

ደረጃ 9፦ ወስዶ መመለስ

ጥቂት ወራት ከቆያችሁ በኋላ ከእናንተ መካከል ኮድ የማይጽፉ፣ ግን አማርኛቸው የተባ ሰዎች ይገኛሉ። መምህራን፣ ጋዜጠኞች፣ የሕግ ባለሙያዎች። ሊብሬኦፊስ ዌብሌት በሚባል መድረክ ላይ በፈቃደኞች ይተረጎማል፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ምንም ፕሮግራሚንግ አይጠይቅም። አንድ ቅዳሜ ለዚህ ስጡ። አንዱ ይተርጉም፣ ሌላው ይይ። አንድ ሜኑ ጠማማ ሆኖ ከተተረጎመ በሺዎች ስክሪን ላይ ጠማማ ሆኖ ይቀመጣልና ችኮላ አያስፈልግም። የአማርኛ ፎንት ወይም ኪቦርድ ስህተት ስታገኙም ለሠሪዎቹ ሪፖርት አድርጉ። እኛ ካልነገርናቸው ማን ይነግራቸዋል?

የሶፍትዌር ነፃነት ቀን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይከበራል። የተለመደው ቀን የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ሦስተኛ ቅዳሜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባሉት ቀናት ውስጥ ይውላል። ተማሪ አዲስ ዓመት ብሎ ሊመዘገብ የሚዘጋጅበት ጊዜ ስለሆነ ትልቁን የመጫኛ ቀን እዚያ ላይ ማድረግ ይመቻል።

ተማሪ ያለበት ማኅበር ደግሞ በየዓመቱ ሰው ያጣል። ተመራቂው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ አገሩ ይሄዳል። ስለዚህ ከየካቲት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሥራ ተተኪ መድቡ፤ ሁለቱ ጥቂት ቅዳሜዎችን ጎን ለጎን ይሥሩ። ተመራቂዎቹ ከመሄዳቸው በፊት የግሩፑ አስተዳዳሪነት፣ የክፍሉ ቁልፍ፣ ፍላሾቹ፣ የካሸሩ ላፕቶፕ ፓስዎርድና ደብተሩ በሁለት ሰው ፊት ይረከቡ።